የቀድሞው ግብር ስንት ነበር?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በአርብ ገበያ ማድመጥ

በየአጥቢያችን የወጣቶች የንባብ ክበብ ውስጥ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተነሣ ቁጥር አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሁሉም ሰው ጉዱ ካሣን መሆን ይፈልጋል። እህቶች ስለ ሰብለ ወንጌል ይከራከራሉ። በዛብህ የተሳለበትን ብፅዐት መተዉ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ሙግት ስብሰባው ይመሻል። አበጀ በለውን ግን የሚያነሣው የለም። እኔም አላነሣውም ነበር። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ሳነብ ገበሬዎቹ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የሚጣሉበትን ክፍል ያለፍኩት ወደ ፍቅሩ ለመመለስ እየተጣደፍኩ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያን ጥድፊያዬን ያስቆሙኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ አክስቴ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ነበር። አርብ ገበያ የወረዳው መቀመጫ ናት። በአዘቦት ቀን የጽሕፈት ቤትና የጉዳይ ከተማ ናት፤ ማኅተም የሚፈልግ፣ ቀጠሮ ያለው ሰው ይመላለስባታል። አርብ ሲሆን ግን ስሟን የሰጣት ገበያ ይቆምና ገጠሩ ይወርሳታል። ወደ በሽሎ ከሚወርደው ቆላ ማሽላ ይመጣል፤ ከደጋው ገብስና ባቄላ። የአክስቴ ቤት ከመንገዱ ዳር ስለሆነ ገበያተኛው ዕቃውን ያስቀምጥበታል፣ ፀሐይ እስኪበርድ ያርፍበታል። ዐቢይ ጾም ስለነበር የሚቀርበው ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ነው። እኔ «ጴንጤ» መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ቃል አልተነፈሰብኝም። እንዲያውም ከቆሎው መጀመሪያ ይሰጠኝ የነበረው ለእኔ ነው።

ወጋየሁ ንጋቱ ለኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበው ትረካ በስልኬ ነበረኝና በመጀመሪያው አርብ ከፈትኩት። ሰዎቹ ፀጥ ብለው አዳመጡ። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ስትሳል ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍቅሩ ሲመጣ ወጣቶቹ ፈገግ አሉ። በሁለተኛው አርብ ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ከተለመደው በላይ ሲጠይቁና ባላገሩ አሻፈረኝ ሲል ግን አንድ ጤፍ ሸጠው የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «እስቲ አቁመው ልጄ። የቀድሞው ግብር ስንት ነበር?»

አልገባኝም። «የቱ የቀድሞ?» አልኳቸው።

«ፊታውራሪው ጨመሩ ይላል። በስንት ላይ ነው የጨመሩት? እሱን ሳታውቅ ማን ማንን እንደበደለ በምን ትለያለህ?»

ከዚያ በኋላ ትረካውን ማን ይሰማዋል! አንዱ፣ ነገሩ ቀድሞም ይሰጥ የነበረ እጅ መንሻ ከሆነ ባላገሩ ራሱ አስለምዶታል አለ። ሌላው፣ በፈቃድ የተሰጠ ነገር ግዴታ አይሆንም ብሎ ተሟገተ። ሦስተኛው ዳኛው ማን እንደነበረ፣ የባላገሩን አቤቱታ የሰማ ሰው እንደነበረ ጠየቀ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ፊታውራሪ የሚባል ሰው በዓለም ላይ ይኑር አይኑር ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ስለዚህ መጽሐፍ የሰማሁት ክርክር ሁሉ ያንኑ ብቻ የሚጠይቅ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ መጽሐፉን በሽማግሌው ጥያቄ አነበብኩት። ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ።

እኛ የከተማ አንባቢዎች የዲማን ገበሬዎች አመፅ የምናነበው እንደ «መሬት ላራሹ» መቅድም አድርገን ነው። ጨቋኝ ባላባት አለ፣ የተጨቆነ ገበሬ አለ፣ ገበሬው ተነሣ፣ ባላባቱ ተማረከ፤ አለቀ። ግን አበጀ በለውና ጓደኞቹ የተነሡት መሬት አጥተው አይደለም። በዚያ አገር ሁለት ነገሮች ተለይተው ይኖሩ ነበር። ርስት ከአባት ከእናት የሚወረስ የመሬት መብት ነው፤ ገበሬውም ባለ ርስት ሊሆን ይችላል። ጉልት ደግሞ ከዚያ መሬት ላይ ግብር የመብላት መብት ነው፤ እሱ የመኳንንቱ ወይም የገዳሙ ነው። የልብ ወለዱ ጠብ በጉልቱ ላይ ነው፤ ምን ያህል ይበላ፣ ወሰኑስ የት ነው የሚል። ገበሬዎቹ «አንሰጥም» አላሉም። የሚገባውን እንሰጣለን፣ የማይገባውን አንሰጥም ነው ነገራቸው። ፊታውራሪ መሸሻ ይህን እንደ ድፍረት ቆጥረው ጦር ይዘው ሲወጡባቸው ነው መሣሪያ ያነሡት። ባላባቱን የሚያዋርዳቸው በአዲስ ሐሳብ መሸነፋቸው ሳይሆን በአሮጌው ልማድ መረታታቸው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ልዩነት ሳያውቁ የጻፉት አይመስለኝም። ጎጃም ተወልደው፣ በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረው፣ ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ቋንቋ ያውቁታል። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፖለቲካ አስቀመጡ። የጉዱ ካሣ ፖለቲካ ጠቅላላ ነው። የዘር ኩራቱን፣ የማዕረጉን አቀማመጥ፣ ሥርዓቱን ከነመሠረቱ ይመረምራል። አብዛኛውን ሐሳቡን የሚያካፍለውም ለተማረው ለበዛብህ ነው። የአበጀ በለው ፖለቲካ ጠባብ ነው። ይህ ግብር፣ ይህ ቀን፣ ይህ ሰው። ለእኛ የመጀመሪያው «ንቃት» ሁለተኛው «የእህል ጥያቄ» ይመስለናል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ፊታውራሪውን በእጁ ያስገባው ሁለተኛው ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ ልብ ወለድ የ1966ቱን አብዮት አስቀድሞ ያየ ነው ሲባል እንሰማለን። እኔ አሁን አልስማማም። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ፤ የጎጃም ገበሬም እምቢ አለ። አመፁ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ የቢቸና አውራጃ ነበር፤ የልብ ወለዱ ዲማ ጊዮርጊስ ያለችበት አገር ማለት ነው። ሞጣና ዳሞትም ተነሡ። ገበሬው የፈራው ገማቾች መጥተው መሬቱን ሲመዘግቡ ርስቱ በቀላድ ተለክቶ ከእጁ እንዳይወጣ ነው። ፖሊስ ተላከ፣ ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ተላከ። በመጨረሻ ያሸነፈው ማን እንደሆነ ከውጤቱ ፍረዱ። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የቆየውም የግብር ውዝፍ ተማረ። ገበሬው ንጉሡ ይውረዱ አላለም፤ በገዢውና በገማቾቹ ላይ ነበር የጮኸው። ይህ ከአበጀ በለው ጉዳይ በምን ይለያል? እንግዲህ መጽሐፉ ነቢይ ነው ከተባለ የተነበየው 1966ን ሳይሆን 1960ን ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ወጥተዋል። መፈክሩ እውነት ነበር፤ ግን የሁሉም ገበሬ እውነት አልነበረም። ይህን ለማየት የራሳችንን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። የወላይታ አብያተ ክርስቲያናት በጠላት ዘመን ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ከመቶ የማይሞሉ አማኞች ነበሯቸው፤ ሲመለሱ ያገኙት በሺዎች ነበር። እነዚያ አባቶችና እናቶች ገበሬዎች ነበሩ። በደቡቡ ብዙው ገበሬ መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ፣ ካረሰው ላይ ሲሶ ወይም እኩል እየከፈለ የሚኖር ጭሰኛ ነበር። ለእሱ «መሬት ላራሹ» ጸሎቱ በሰው አፍ ሲነገር እንደ መስማት ነው። ለጋይንቱ ባለ ርስት ግን መሬቱ ጠበበ፣ ተሸረሸረ፣ ከዘመድ ጋር አሟገተ እንጂ ቀድሞም የራሱ ነው። መሬት እንሰጥሃለን ሲሉት የሰማው ከእጄ ሊወስዱ ነው የሚለውን ነው። ናቡቴን አስታውሱ (1ኛ ነገሥት 21)። ንጉሥ አክዓብ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ገንዘቡን ልስጥህ ብሎት ነበር፤ በዋጋ ካየነው ናቡቴ ሞኝ ነው። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ናቡቴ ሊሸጥ ያልፈቀደውን ነገር ርስት ይለዋል። ጋይንት ውስጥ ይህን ክፍል ለማስረዳት ሰባኪ አያስፈልግም።

ከተማው ይህን ሳይሰማ ነው ወደ ገጠር የዘመተው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተበተኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዋጁ ራሱ የርስት አገሩን ነገር ለይቶ ሌላ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ ከአዲስ አበባ የሄደው ወጣት አንደበት ግን አልለየውም። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም የነበረው አራሽ «ቢሮክራት» ተብሎ ተፈረጀ፤ ድርሻውም ከሌላው አነሰ። በባዶ እግሩ ሞፈር ተሸክሞ የሚውል ሰው ቢሮክራት! ቃሉ ከከተማ መጣ፣ መሬቱ ግን ከገጠር ሄደ። ልብ ወለድ ውስጥ ብናገኘው ደራሲው አጋነነ እንል ነበር።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ማቆም አለብኝ። ለገበሬው ፖለቲካ ስሟገት አንድ የማልፈው ነገር አለ፤ እኛ ወንጌላውያን ከማንም በላይ ልናውቀውም ይገባል። ልማድ የሚጠብቀው የልማዱን ልጅ ነው። አበጀ በለው የሚሟገትለት ሕግ በፊታውራሪው ቤት ያለውን ባሪያ አያውቀውም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን አያውቃቸውም። በዚያው በጎንደርና በጎጃም ምድር ሙስሊሙ ለብዙ ዘመን ርስት እንዳይዝ ተደርጎ ኖሯል። ሃይማኖቱን የለወጠ ሰውስ? በአንዳንድ ገጠር የወንጌል አማኝ ሲሞት የት ይቀበር የሚለው ጥያቄ ስንቱን ቤተሰብ እንዳስለቀሰ በየጉባኤው ሰምተናል። ያ ደግሞ በአዋጅ የመጣ አይደለም፤ በልማድ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «እንደ ድሮው ይሁን» የሚለው አቤቱታ መዳኛ አይሆንም። ለእነሱ የሚሟገትላቸው ሥርዓቱን ከመሠረቱ የሚመረምረው፣ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ጉዱ ካሣ ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን ጉዱ ካሣን መውደዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔንም ብትጠይቁኝ ልቤ አሁንም ወደ እሱ ያደላል። የምጣላው ከአፍቃሪዎቹ ጋር ነው። ጉዱ ካሣ እዚያው ዲማ ተቀምጦ፣ እብድ እየተባለ፣ የሚተቻቸው ሰዎች መካከል ኖሮ ነው የተናገረው። እኛ ንግግሩን ወስደን ኑሮውን ትተንለታል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ልብ ወለድ የቅርብ ዘመዱ 1ኛ ነገሥት 12 ይመስለኛል። ሕዝቡ ወደ ሮብዓም መጥቶ የጠየቀው ምንድር ነው? አባትህ የጫነብንን ቀንበር አቅልልልን፣ እኛም እንገዛልሃለን። ዙፋኑን አልጠየቁም። ልክ እንደ አርብ ገበያው ሽማግሌ የመጠን ጥያቄ ነው ያቀረቡት። ሽማግሌዎቹ አማካሪዎች ገባቸው። ያልገባቸው ከንጉሡ ጋር ያደጉት ወጣቶች ናቸው። እነሱ በሰሙት ነገር ውስጥ ቁጥር አልነበረም፤ ክብርና ንቀት፣ ብርታትና ድካም ብቻ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ የሮብዓምን ስሕተት ይደግማሉ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የከበደኝ የወጣቶቹን ስፍራ ማን እንደያዘ መጠየቁ ነው። ቤተ መንግሥት ያደገ ሁሉ መጥፎ ልብ አለው ማለት አይደለም። ግብር ከፍሎ ስለማያውቅ ግን ግብር ሲባል ሌላ ነገር ይሰማዋል።

የእኛን የወጣቶች ድራማ ተመልከቱ። በየዓመቱ በገና ሰሞን መድረክ ላይ አንድ ባላገር ይወጣል። ጋቢ ለብሷል፣ ዱላ ይዟል፣ አነጋገሩ ይጎተታል፣ ሞባይል ሲጮህ ይደነግጣል። ጉባኤው በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ ከተማ የተማረው ልጁ መጥቶ ወንጌልን ይነግረዋል፤ እሱም አምኖ መጎተቱን ይተዋል። (የሚገርመኝ ሁልጊዜ ከንስሐው ጋር ዘዬው መቅረቱ ነው። መንፈስ ቅዱስ ጋይንትኛ አይችልም እንዴ?) እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ድራማ ጽፌአለሁ፤ በጣምም ተጨበጨበልኝ። ያ ባላገር በመድረኩ ላይ አንዴ እንኳ የራሱን ጥያቄ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ኖሮ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ይጠይቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ መልሱን አላውቀውም ነበር። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የክረምቱ መግቢያ ላይ በክልላችን ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተን ዘር ሊያልፍብን ነው ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኸዋል። እኛ በዚያ ሰሞን በከተማ የምንከራከረው በሌላ ነገር ነበር። በምን እንደነበር አሁን ትዝ እንኳ አይለኝም።

ይህ የአነባበብ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልጨነቅበትም ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ግጭቱ ጦርነት ሆነ፤ በክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ከተማና ገጠር ማለት በብዙ ቦታ በመንገድ መዘጋት የሚለይ ነገር ሆኗል። የከተማው ሰው ከገጠር የመጣውን ይጠራጠራል፤ የገጠሩ ከተማ የሚውለውን። በሁለቱም በኩል ወንድሞችና እህቶች አሉን። አንዱ የሌላውን ጥያቄ ምን እንደሆነ ሳይሰማ ለምን እንደጠየቀው ሊያስረዳን ይሞክራል።

ወደ መጽሐፉ ልመለስና አንድ ቅሬታዬን ልናገር። የዲማው ክፍል የዚህ ልብ ወለድ ጡንቻ ነው። ንግግሩ የአገር ንግግር ነው፤ ሰዎቹ በነገር ይጠቃቀሳሉ፤ ኩራታቸውም ፍርሃታቸውም ከአፋቸው ይታወቃል። በኋላ ግን የደራሲው ዓይን በዛብህን ተከትሎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ቀጥሎም ሰብለን ተከትሎ በመንገድ ላይ ይቀራል። ያ የፍቅር ታሪኩ ሕግ ነው፤ ተረድቼዋለሁ። ነገር ግን ባላገሩ በዚያ መንገድ ላይ ከዓይናችን ይርቃል። በመጨረሻው መቃብር ውስጥ የሚያርፉት በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሣ ናቸው፤ ሁለቱ የተማሩ፣ አንዷ የባላባት ልጅ። እንባችን ሁሉ እዚያ ያልቃል። ታላቁ ልብ ወለዳችን እንኳ በመጨረሻ ከገበሬው ይልቅ ለተማረው አለቀሰ ብል ደራሲውን እንደ ማቃለል እንዳይቆጠርብኝ። ገበሬውን በሙሉ አንደበቱ ያናገሩት እሳቸው ራሳቸው ስለሆኑ ነው መራቁ የሚሰማን።

በሦስተኛው አርብ ትረካውን እስከ መጨረሻው ማድረስ አልቻልንም፤ ረጅም ነው። ስለዚህ የቀረውን በአጭሩ ነገርኳቸው። መነኩሲቷን፣ ሕመሙን፣ መቃብሩን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አመጡ። ሽማግሌው ግን ዱላቸውን እየፈለጉ፣ «ነፍስ ይማር፤ መልካም ልጆች ነበሩ» አሉ። በሩ ላይ ደርሰው ዞሩና «ግን ልጄ፣ ግብሩስ? ስንት ላይ ቆመ?» አሉኝ።

«መጽሐፉን አይቼ በሚቀጥለው ስመጣ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ክረምቱ ሲወጣ ልመለስ ነበር ያሰብኩት። መንገዱ ግን ተዘጋ።